ዝግ ብሎ የሚጫወት ስቴሪዮ፦ በአነስተኛ በጀት ለክላሲካል ሙዚቃ

ረጅም ጽሑፍ የማንበብ ትዕግሥት ለሌለው ሰው ፍርዱን ላስቀድም። ያገለገለ የኤላክ ዴብዩ ቢ6.2 ስፒከር ጥንድ፣ ያገለገለ የያማሃ ኤ-ኤስ301 አምፕሊፋየር፣ ከዕቃ ቤት የወጣ አሮጌ የዲቪዲ ማጫወቻ፣ ተራ የመዳብ ሽቦና አናጺ የሠራቸው ሁለት የእንጨት ማቆሚያዎች፤ እነዚህ ተገጣጥመው በእኔ ክፍል ውስጥ ሲምፎኒው እንደ ሲምፎኒ፣ የአውታር ኳርቴቱም (የአራት አውታር መሣሪያዎች ሙዚቃ) እንደ ኳርቴት ይሰማል። የሚጎድለው የትልቅ ኦርጋን የመጨረሻው ወፍራም ድምፅ ነው። መልክም ይጎድለዋል፤ ጥቁር ሣጥኖች ናቸው፣ እንግዳ ገብቶ አያደንቃቸውም።

ስቴሪዮ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት ዋት ይፈልጋሉ?» የሚል ነው። ቀጥሎ የቤዙ፣ የወፍራሙ ድምፅ ነገር ይነሳል። ለክላሲካል አድማጭ ሁለቱም ቦታቸውን የሳቱ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ማንኛውንም ዕቃ የምመዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዝግ ብሎ፣ ማለትም ድምፁ ዝቅ ብሎ ሲጫወት ምን ይመስላል? ጮክ ብሎ መጫወት ማንም ያውቅበታል።

ነገሩን ለማየት የራቬል ቦሌሮ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1928 ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው ይህ ሥራ በአንድ ትንሽ ከበሮ፣ በጭንቅ በሚሰማ ምት ይጀምራል። ዋሽንቱ ብቻውን ይገባል፣ ክላሪኔቱ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ያው ዜማ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ እየተሸጋገረ መላው ኦርኬስትራ እስኪያገሳ ድረስ እየፋፋ ይሄዳል። የሥራው ሐሳብ በሙሉ ይኸው ጭማሪ ነው። በመጥፎ ስቴሪዮ ላይ ግን መጀመሪያው ስለማይሰማ አድማጩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ መካከል ላይ ይደላዋል፤ መጨረሻው ላይ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ይነሳና ዝቅ ያደርጋል። ራቬል በትዕግሥት የገነባውን ደረጃ አድማጩ በገዛ እጁ እየናደ ሥራውን ይጨርሳል ማለት ነው።

ተወዳጅ ዘፈኖች በአብዛኛው ይህ ጣጣ የለባቸውም። ሲዘጋጁ ዝግ ያለው ከፍ፣ ከፍ ያለው ዝቅ ተደርጎ፣ ሁሉም በጠባብ ክልል ውስጥ እንዲቀመጥ ይደረጋል። ስለዚህ በየትኛውም ርካሽ ሣጥን ላይ ያምርባቸዋል። መደብር ውስጥ በዘፈን የተሞከረ ስፒከር ቤት ገብቶ ብራምስ ሲጫወትበት ሌላ ዕቃ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲመጣ ባለ 16 ቢት አሠራሩ በዝግታውና በጩኸቱ መካከል 96 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያህል ቦታ ሰጠ። ችግሩ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ነው፤ የአምፕሊፋየሩ የራሱ ሹክሹክታ፣ የስፒከሩ ድንዛዜ፣ የማቀዝቀዣው ሞተርና የመንገዱ ጫጫታ እያንዳንዳቸው ከታች በኩል ይቀንሱበታል።

በጀቱን የከፋፈልኩት ይህን ታሳቢ አድርጌ ነው። ግማሹን ለስፒከር፣ ሲሶውን ለአምፕሊፋየር፣ የተረፈውን ለቀሪው ሁሉ። ይህን ክፍፍል የሚያፋልስ ሻጭ ያጋጥማል፤ በተለይ የኬብል ሻጭ።

ስፒከር መረጣው ላይ ዐይን አዋጅ ይሆናል። ምርጫውን ለማጥበብ አራት ቁጥሮችን በልብ መያዝ ይበጃል። የቼሎ ዝቅተኛ አውታር 65 ሄርትዝ ላይ፣ ማለትም በሰከንድ 65 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ባለ አራት አውታሩ ደብል ቤዝ እስከ 41 ይወርዳል። የፒያኖ የመጨረሻው የግራ ቁልፍ 27.5 ነው። ባለ 32 ጫማ የኦርጋን ቧንቧ ደግሞ 16 ሄርትዝ አካባቢ፣ ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚታወቅ ድምፅ ያወጣል። የስፒከርን መግለጫ ከእነዚህ ጋር እያስተያዩ ማንበብ ብዙ ወሬ ያስቀራል።

ለምሳሌ ከኤላኩ ጋር ሲፎካከርብኝ የነበረው ዋርፍዴል ዳይመንድ 12.1 ነው። 13 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ኮን (አየሩን የሚገፋው ሾጣጣ ክፍል) አለው፤ በሠሪው መግለጫ የድምፅ ክልሉ ከ65 ሄርትዝ ይጀምራል፤ ልክ የቼሎው የመጨረሻ አውታር ላይ ያቆማል ማለት ነው። ኳርቴት፣ የፒያኖ ሶናታና የባሮክ ሙዚቃ ለሚያዘወትር፣ ክፍሉም ጠበብ ላለበት ሰው ከዚህ በላይ መሄድ አያስፈልገውም። እኔ ግን የትልልቅ ሲምፎኒዎቹን ብሩክነርና ማህለር የማልተው ሰው ነኝ። ኤላኩ 16.5 ሳንቲሜትር ኮን ይዞ እስከ 44 ሄርትዝ ይወርዳል፤ ደብል ቤዙን ለመሙላት ትንሽ ነው የሚቀረው። ክፍሉ ራሱ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያግዝ በተግባር ልዩነቱ እጅግ ይጠባል።

ኤላክ እ.ኤ.አ. በ1926 በጀርመኗ ኪል ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። የዴብዩን መስመር የነደፈው አንድሩ ጆንስ ደግሞ ቀደም ሲል ለድምፅ ዕቃ ሠሪዎቹ ለኬኢኤፍ፣ ለፓዮኒየርና ለቲኤዲ የሠራ፣ እጅግ ውድ ስፒከሮችን የነደፈ መሐንዲስ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ርካሽ ዕቃ ላይ እጁን ሲያስገባ ገንዘቡ የት እንደዋለ ያስታውቃል። ሣጥኑን በጣት ጉብታ ሲያንኳኩት ድፍን ያለ አጭር ድምፅ ይሰጣል እንጂ አያስተጋባም። ሽፋኑ እንጨት የሚመስል ተራ ልጣፍ ነው። ከውስጥ ያለው ግን ሥራ አለው።

የስፒከር ትልቁ ፈተና ቤዝ ሳይሆን ቫዮሊን ነው። ብዙ ርካሽ ስፒከሮች ቀጭኑ ድምፅ ሆን ተብሎ ጎላ ይደረግላቸዋል፤ በአምስት ደቂቃ ሙከራ «እንዴት ጥርት ይላል!» ያሰኛሉ። አሥራ ስድስት ቫዮሊኖች አንድ ላይ ከፍ ብለው ሲገቡ ግን ብረት የመፋቅ ያህል ጥርስ ያፋጫሉ። ቀጭኑን ድምፅ በሚያወጣው የኤላኩ የጨርቅ ጉልላት ላይ ቫዮሊኖቹ ብዙ ሆነው ይሰማሉ፤ አንድ የተሳለ ጩኸት አይሆኑም። ቼሎ የምትጫወት ወዳጄ መጥታ አጠገቡ ተቀምጣ የባኽን ብቸኛ የቼሎ ሥራ ሰማች። ብዙም አላወራችም። «ደጋኑ አቅጣጫ ሲለውጥ ይሰማል» አለችና ሌላ ሲዲ እንዳስገባ ጠየቀችኝ። ለእኔ ከማንኛውም የመለኪያ ሠንጠረዥ የበለጠ ምስክርነት ነው፤ ደጋኑ ወደ ላይ ሄዶ ወደ ታች ሲመለስ ያለችው ያቺ ቅጽበታዊ ክፍተት መሃል ያለውን ድምፅ በሚያደበዝዝ ስፒከር ላይ አትገኝም።

የአየር መውጫው ቀዳዳ ከፊት ለፊት፣ ከታች በኩል መሆኑም ጠቅሞኛል። ቀዳዳቸው ከኋላ የሆኑት ለግድግዳ ሲጠጉ ቤዛቸው ስለሚያብጥ ወደ ክፍሉ መሃል የሚጠጋ ቦታ ላይ መቆም ይፈልጋሉ። ባለቤቴ ደግሞ በሳሎኗ መካከል ሁለት ጥቁር ሣጥኖች ቆመው ማየት አትፈልግም። ከግድግዳው ሠላሳ ሳንቲሜትር ያህል ራቅ ብለው እንዲቆሙ ተስማምተናል፤ ለኤላኩ ይህ ይበቃዋል።

ስለ ጎደለው ነገር ደግሞ። የሳን-ሳንስ ሦስተኛ ሲምፎኒ፣ ኦርጋን ያለበቱ፣ ሁለት የኦርጋን ጊዜዎች አሉት። ሁሉም የሚያውቀው መጨረሻው አካባቢ ድንገት የሚፈነዳውን ትልቅ ኮርድ ነው፤ ያ ኮርድ በዚህ ስቴሪዮ ላይ ክፍሉን ይሞላል። የሚከብደው የመጀመሪያው ነው፤ በዝግተኛው ክፍል ኦርጋኑ ከአውታሮቹ ሥር ዝም ብሎ ይገባል፤ በጆሮ ሳይሆን አየሩ በመለወጡ የሚታወቅ መግቢያ ነው። እዚህ ላይ ሥሩ የለም። ከ44 ሄርትዝ በታች ከዚህ መጠን ሣጥን መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ የተፈጥሮ ሕግ እንጂ የሠሪው ጥፋት አይደለም። ይህን ለመሙላት ስሙን የማልጠራው ርካሽ ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ተውሼ ሞክሬ ነበር፤ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ኦርጋኑም፣ ትልቁ የኦርኬስትራ ከበሮ ቲምፓኒውም፣ ደብል ቤዙም አንድ ዓይነት «ዱም» ሆኑ። ጥሩ ሰብዉፈር ከጠቅላላው በጀት ግማሽ ያህል ይበላል፤ በዓመት ውስጥ የኦርጋን ሥራ የምሰማበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ተውኩት።

አምፕሊፋየር የማይፈልጉ፣ ኃይላቸውን በውስጣቸው የያዙ ስፒከሮችስ? በጀትን ይቆጥባሉ፤ ለጠረጴዛ ሥራም ይመቻሉ። የሞከርኩት ጥንድ ግን ሁለት ነገር አስመረረኝ። አንደኛ፣ ምንም ሳይጫወት ሽሽ የሚል ድምፅ ነበረው፤ ከአንድ ሜትር ላይ ይሰማል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ድምፅ ያጣ ሲመስለው በራሱ ይተኛል። ሙዚቃው በጣም ዝግ ያለበት ረጅም ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ጠፋ፤ ኦርኬስትራው ሲነሳ ደግሞ ጠቅ ብሎ ነቃና የአንዱን ሐረግ ግማሽ ዋጠው። ይህን የነደፈው ሰው ሙዚቃ ዝም ሊል እንደሚችል አልተነገረውም። እንዲህ ዓይነት ዕቃ የሚገዛ ሰው የመተኛ ሥርዓቱ የሚጠፋበት ማብሪያ መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ዋቱ። የኤላኩ ስፒከር በአንድ ዋት አካባቢ፣ በአንድ ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል ያወጣል። ሁለት ስፒከር ሆኖ፣ ክፍሉም እያገዘ፣ እኔ በምቀመጥበት ሁለት ሜትር ተኩል ላይ 85 አካባቢ ይሆናል። ለቤት ውስጥ ደህና የሚባለው አማካይ መጠን ከዚያ ያንሳል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ አምፕሊፋየሩ የሚሰጠው ከግማሽ ዋት በታች ነው። ኦርኬስትራው ድንገት ሃያ ዴሲቤል ሲዘል ግን የሚፈለገው ኃይል መቶ እጥፍ ይሆናል፤ ሠላሳና አርባ ዋት። የያማሃው በእያንዳንዱ ጎን 60 ዋት አለው፤ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ኃይሉን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው ሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ትንሽ ከፍ ማለቱን ብቻ የሚያውቅበት ልዩነት ነው። ለመቶ ሃያ ዋት ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ለቁጥር መክፈል ነው።

ኤ-ኤስ301ን የመረጥኩበት ዋና ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ «ላውድነስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ ትንሽ መዞሪያ። የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙን ድምፅ ከመሃለኛው ቀድሞ ያጣዋል፤ የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን ይህን ለክተው እ.ኤ.አ. በ1933 አሳትመዋል። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚሰማ ሰው ቼሎዎቹ የት እንደገቡ የሚጠፋበት ለዚህ ነው። ሌሎች አምፕሊፋየሮች ላይ ላውድነስ አንድ ማብሪያ ብቻ ነው፤ ሲበራ ቤዙን ያለ ልክ ያሳብጣል፣ ሲጠፋ ይሳሳል። የያማሃው ግን ቀስ በቀስ የሚዞር ነው። አጠቃቀሙ ብዙ ሰው ያልገባው ይመስለኛል፦ መጀመሪያ መዞሪያው «ፍላት» ላይ ይቀመጥና ዋናው ድምፅ አድማጩ ሊሰማው እስከሚችለው ትልቁ መጠን ድረስ ከፍ ይደረጋል። ከዚያ ዋናው ሳይነካ ላውድነሱን ብቻ ወደ ኋላ እያዞሩ ወደ ማታው መጠን መውረድ ነው። መሃለኛው ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙና ቀጭኑ ከጆሮ ልክ ጋር ተመጣጥነው ይቆያሉ። ንጽሕና አጥባቂዎች «ሙዚቃው ተነካ» ብለው አፍንጫቸውን ይነፋሉ። ይንፉ፤ እኔ ማታ የሹበርትን ኳርቴት ከነቼሎው እሰማለሁ።

(ፊቱ ላይ ያለው ምልክት ሦስት መቃኛ ሹካዎች ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1887 የጀመረው ኦርጋን በመሥራት ነበር፤ አምፕሊፋየሩን የሚሠራው ኩባንያ ፒያኖም ይሠራል። ለድምፁ የሚጨምረው ነገር ባይኖርም ደስ ይለኛል።)

ያገለገለ አምፕሊፋየር ሲገዛ መፈተኛው ያው ዝግታው ነው። ድምፅ መቆጣጠሪያውን ከታች ጀምሮ በጣም በዝግታ ማዞር፤ ከተንኮሻኮሸ አቧራ ነው፣ በኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ፈሳሽ ይድናል። የማይድነው አንዱ ጎን ቀድሞ የሚሰማ ከሆነ ነው፤ በአሮጌ መቆጣጠሪያዎች ላይ የተለመደ ነው፤ ከፍ ሲል ስለሚስተካከል ሻጩ ከፍ አድርጎ ብቻ ያሰማል። ቀጥሎ ምንም ሳይጫወት ጆሮን ስፒከሩ ላይ መለጠፍ፤ እምም የሚል ድምፅ ጎልቶ ከተሰማ የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ እያረጁ ሊሆን ይችላል። መጨረሻ ላይ ግማሽ ሰዓት አጫውቶ ክዳኑን መንካት፤ ሞቅ ማለቱ ደግ ነው፣ እጅ ካላስቀመጠ ግን ይቅርብዎ።

አምፕሊፋየሩ የዲጂታል መግቢያ ስላለው ዲጂታሉን ቁጥር ወደ ድምፅ የሚለውጥ፣ ለብቻው የሚገዛ መቀየሪያ አላስፈለገኝም። ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው። አሮጌ የዲቪዲ ማጫወቻ ሲዲም ያጫውታል፤ ከኋላው «ኮአክሲያል» የሚል መውጫ ካለው በውስጡ ያለው ርካሽ መቀየሪያ ጥሩም ሆነ መጥፎ ግድ የለም፤ ቁጥሩ እንዳለ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል። ገመዱም አይገዛም፤ ለድሮ ቴሌቪዥን ምስል የሚያገለግለው ባለ ቢጫ ጫፍ ገመድ 75 ኦም ስለሆነ ልኩ ነው። ሲዲ በሰው ቤት ሣጥን ውስጥ አቧራ እየጠጣ ነው፤ የታላላቅ ኦርኬስትራዎች ቅጂ በእጅ መዳፍ ገንዘብ ይገኛል።

ማጫወቻውን ከመቀበልዎ በፊት ግን የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ያስገቡ። ሦስተኛው ክፍል መጨረሻው ላይ እየደከመ፣ ቲምፓኒው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እየመታ ይቆይና፣ ያለ አንዳች ማቋረጥ አራተኛው ክፍል በሙሉ ኃይሉ ይገባል። ሲዲው ላይ ሁለቱ የተለያዩ ትራኮች ናቸው። ማጫወቻው በትራኮች መካከል ለአፍታ የሚዘጋ ከሆነ ቤትሆቨን የገነባው ሁሉ እዚያች ላይ ይፈርሳል። የእኔ ዲቪዲ ማጫወቻ አለፈ። ስልኬ ላይ የነበረው አንድ የሙዚቃ መተግበሪያ ግን ወደቀ፤ በዚያች ነጥብ ላይ ዝም ይላል። ኦፔራ ለሚሰማ ሰው ደግሞ ይህ ጉድለት በየሁለት ደቂቃው ይመጣል። አሁን ከኮምፒውተር በኦፕቲካል ገመድ፣ ክፍተት በማይጥል ማጫወቻና ባልተጨመቀ ፋይል እሰማለሁ። በአምፕሊፋየሩ ላይ የዩኤስቢ መግቢያ የለም፤ ኮምፒውተሩ ኦፕቲካል መውጫ ከሌለው ትንሽ መቀየሪያ መጨመር ግድ ነው። ሸክላ አልነካሁም፤ ዝግ ባለ ሙዚቃ ላይ የመርፌው ጭረት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ስለ ሽቦ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ሁለት ነጥብ አምስት ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ የመዳብ ሽቦ ለማንኛውም የቤት ርቀት በቂ ነው። ከዚያ በላይ ለሚጠየቅ ገንዘብ የሚሰጠው ማብራሪያ ሁሉ ውሃ አያነሳም።

ከዕቃው ሁሉ በላይ ድምፁን የለወጠው ግን ምንም ያልተከፈለበት ሥራ ነው፤ አቀማመጡ። እኔና ሁለቱ ስፒከሮች እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን እንሠራለን። የቀጭኑ ድምፅ ጉልላት በተቀመጥኩበት የጆሮዬ ከፍታ ላይ ነው፤ አናጺው ማቆሚያዎቹን ስድሳ ሳንቲሜትር አድርጎ ሠራቸው፣ እግራቸውን ባዶ አስቀርቶ አሸዋ ሞላሁባቸው። መደርደሪያ ላይ ተጋድመው የነበሩ ጊዜ ኦርኬስትራው በሙሉ ወለል ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ፊታቸውን ወደ እኔ ትንሽ አዙሬያቸዋለሁ፤ በጣም ሲዞሩ ቫዮሊኖቹ ይሰላሉ፣ ሳይዞሩ ሲቀሩ ደግሞ መሃሉ ይሳሳል። ትክክለኛው ቦታ በጣት ውፍረት ነው የሚለካው።

የክፍሉ ርዝመት አራት ሜትር ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ፣ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል 43 ሄርትዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ራሱን እየደጋገመ ያብጣል። 43 ሄርትዝ ደግሞ የደብል ቤዙ ዝቅተኛ «ፋ» ነው። ወንበሬ ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሳለ፣ ቤዞቹ ወደ ታች ሲወርዱ ያቺ አንዲት «ፋ» ከጓደኞቿ ተለይታ ትጮህ ነበር። ወደ ክፍሉ መሃል ስጠጋ ደግሞ ጭራሹን ጠፋች። ከኋላው ግድግዳ የርዝመቱን ሲሶ ያህል ፈቀቅ ስል ከሌሎቹ ጋር ተሰለፈች። ይህን ችግር አምፕሊፋየር በመቀየር ለመፍታት ሲደክሙ የማያቸው ሰዎች ያሳዝኑኛል። ከኋላዬ መጽሐፍ የሞላበት መደርደሪያ አለ፤ ከፊቴ ወለሉ ላይ ምንጣፍ። ባዶ ግድግዳና የመስታወት ጠረጴዛ ግን የፒያኖ ጠላቶች ናቸው።

ሽቦዎቹ በትክክል መያያዛቸውን ለማወቅ የምጠቀመው በፒያኖ ተጫዋቹ በግሌን ጉልድ ነው። የባኽን ጎልድበርግ ቫሪዬሽኖች ሁለት ጊዜ ቀርጿቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1981። የመጀመሪያው ሞኖ ነው፣ ማለትም ከሁለቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ ይወጣል፤ ስለዚህ ፒያኖው በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ልክ መሃል ላይ፣ እንደ አንድ ነጥብ መቆም አለበት። የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገልብጦ ከሆነ ፒያኖው ቦታ ያጣል፤ ከግራም ከቀኝም ከኋላም የሚመጣ ይመስላል፣ ወፍራሙም ድምፅ ይመነምናል። የሁለተኛው ቅጂ ፈተና ሌላ ነው። ዲጂታልና ስቴሪዮ ነው፣ አካሄዱም ዝግ ያለ ነው፤ የመጀመሪያው 38 ደቂቃ ገደማ የፈጀውን ይህኛው 51 ደቂቃ ይወስድበታል። ጉልድ እየተጫወተ ያንጎራጉራል። በመጥፎ ስቴሪዮ ላይ ያ እንጉርጉሮ ከፒያኖው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ብልሽት ይሰማል፤ እዚህ ግን ከቁልፎቹ ኋላና ከፍ ብሎ፣ የአንድ ሰው ጉሮሮ ሆኖ ይለያል። አንዳንዱን ያናድደዋል፤ ጥፋቱ ግን የስፒከሩ አይደለም።

ለትልቁ ኦርኬስትራ የኦርኬስትራ መሪው ካርሎስ ክላይበር ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 የቀረጸውን ያንኑ የቤትሆቨን አምስተኛ አጫውታለሁ። ቀደም ብዬ ያነሳሁት የሦስተኛውና የአራተኛው ክፍል መሸጋገሪያ ላይ ድምፁን ሳልነካ፣ ቲምፓኒውን እየሰማሁ፣ ጡሩምባዎቹ ሲገቡም ሳልሸማቀቅ መቀመጥ ከቻልኩ ስቴሪዮው ሥራውን ሠርቷል። በዚህኛው እቀመጣለሁ። ጡሩምባዎቹ ሲገቡ መድረኩ ወደ ኋላ ይሰፋል እንጂ ወደ ፊት አይደፋብኝም፤ ሁለተኛ ቫዮሊኖቹም በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ አይዋጡም።

ማን አይግዛው? ክፍሉ ከስድስትና ሰባት ሜትር በላይ የሆነ ሰው ትልልቅ ስፒከር ያስፈልገዋል፤ ይህ ጥንድ እዚያ ሲገፋ ይደክማል። የኦርጋን ሙዚቃ ወዳድም ገንዘቡን ይዞ ይቆይ። አንዳች ነገር ሳያንቀሳቅስ ከካርቶን አውጥቶ መስማት የሚሻ፣ ወይም ስፒከሮቹን መደርደሪያ ላይ ከማስቀመጥ ሌላ አማራጭ የሌለው ሰውም ከዳይመንድ 12.1 ወይም ከዚያ ባነሰ ነገር የበለጠ ያተርፋል። ከጎረቤት ጋር ስስ ግድግዳ የሚጋራና ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ማህለርን በሙሉ ድምፅ የሚፈልግ ደግሞ ስፒከር የሚባለውን ነገር ትቶ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይግዛ፤ በዚያው ገንዘብ የኦርጋኑንም ሥር ያገኝበታል።